በፋሻ የታሰረው እስክሪብቶ

ፊርማ፦ ሜትረን

መስከረም 22 ቀን

ለማትጽፈው ልጄ፣ ለጥድፊት፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ፣ እግርሽስ፣ እንቅልፍሽስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ካላየ አያስቸግርም። በሰው አገር የምትረግጪው ሁሉ ይለስልስልሽ፤ የነካሽው በሽተኛ ሁሉ በእግሩ ሄዶ ቤቱ ይግባ።

ፊርማዬን እንደ ልማዴ አናት ላይ አስቀምጫለሁ። ቀለሙ መሃል ላይ ቢከዳኝ ደብዳቤው ከማን እንደመጣ ለማወቅ አትቸገሪም። እናትሽ «ገና ሳትጽፊ ምኑን ነው የምትፈርሚው?» እያለች ስትስቅብኝ ኖራለች። እሷ ምን ታውቃለች፤ ለሠላሳ አልጋ አንድ እስክሪብቶ በነበረበት ዋርድ አልሠራች።

ሦስት ደብዳቤ ጽፌልሽ አንድም መልስ አላገኘሁም። ስልክ እንደማይሰማኝ ታውቂያለሽ። እናትሽንም «ደህና ነኝ» ብለሽ ቶሎ ትዘጊባታለሽ አሉ። ደህና የሆነ ሰው እንደዚያ ቶሎ አይዘጋም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የደም ግፊት መለኪያ ላኪልኝ፤ ያ ራሱ የሚነፋውን፣ ራሱ ቁጥር የሚያሳየውን። ለራሴ አይደለም። ከሜትረንነት፣ ከዋና ነርስነት ጡረታ ወጣሁ ብል የሚሰማኝ የለም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እጅጌውን ጠቅልሎ በሬ ላይ ይቆማል። ማን ላከልሽ ሲሉኝ እንድኮራበት ነው። «የአክስቴ ልጅ ልጅ ናት» እያልኩ ዝምድናችንን ስቆጥርላቸው ይደክማቸዋል። «ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ስል ግን ወዲያው ይገባቸዋል።

ጻፊልኝ።


ኅዳር 9 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ደረጃ ከሌለው መንገድ አያውጣው። መለኪያው በፖስታ ተልኳል፤ ባትሪውን ሲያስገቡ በየት በኩል እንደሚገባ ልብ ይበሉ።

ስላልጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ። ደህና ሳልሆን ደህና ነኝ ብዬ ለሰው ሁሉ እጽፋለሁ፤ ለእርስዎ ግን አልሆነልኝም። ተማሪ ሳለሁ አሞኛል ብዬ ከተራዬ ስቀር ግንባሬን ሳይነኩ የሚያውቁብኝ እርስዎ ነበሩ።

ነገሩ የሆነው ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ጠዋት ነው። ስምንት በሽተኛ ነበረኝ። ጠረጴዛው ጋ ቆሜ በስምንቱም የመድኃኒት ካርድ ላይ፣ «ተሰጥቷል» ከሚለው ቃል ጎን ፈረምኩና ጋሪዬን እየገፋሁ ወጣሁ። አምስቱን ሰጠሁ። ስድስተኛው ጋ ልደርስ ስል ከመታጠቢያ ቤቱ ጩኸት ሰማሁ፤ አንዲት በሽተኛ ተንሸራታ ወድቃ ነበር። ሮጥኩ። እሷን አንስቼ፣ ሐኪም ጠርቼ ስመለስ ከሰባተኛው አልጋ ቀጠልኩ።

ስድስተኛው አልጋ ላይ ያሉት ሰውዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ ክኒናቸው አንድ ጠዋት እንኳ መቅረት የለበትም። ተኝተው ስለነበር አልጠየቁኝም። ቀትር ላይ የተረከበችኝ ነርስ ካርዱን አየች፤ ፊርማዬ አለ። ማምሻውን ኮሪደር ላይ ጣላቸው። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። የልብስ ሰፊ ቀኝ እጅ፣ እትዬ።

በማግስቱ አለቃዬ ጋ ራሴ ሄጄ ነገርኳት፤ ሰውየውንም አልጋቸው ድረስ ሄጄ የእኔ ጥፋት ነው አልኳቸው። ካርዱን ቀድጄ በሌላ ልተካው የሚል ሐሳብ ጨርሶ አልመጣብኝም ብል ልዋሽዎ ነው። መጥቶ ነበር፤ ሄደ።

አሁን ጉዳዬ በጤና ባለሙያዎች የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተይዟል። ክሱ «አጥጋቢ ያልሆነ የሙያ ምግባር» ይባላል። ከሥራ አላባረሩኝም፤ መድኃኒት እንዳልነካ ግን ተከልክዬ መጋዘን ውስጥ አንሶላ እቆጥራለሁ። የሥራ ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ። ሁለት መንገድ አለኝ። አንዱ ክዶ መከራከር ነው። ሁለተኛው ጥፋቴን አምኜ ከከሳሹ ጋር በቅጣቱ መስማማት ነው፤ የተስማማንበትን ኮሚቴው መርምሮ ያጸድቀዋል ወይም ይጥለዋል። እኔ ልስማማ አስቤያለሁ።

ለእናቴ አይንገሩብኝ።

ልጅዎ ጥድፊት


ፊርማ፦ ሜትረን

ታኅሣሥ 4 ቀን

ለጥድፊት፤

ጤና ይስጥሽ፤ ልቦናም ይጨምርልሽ። ሰላምታዬን ዛሬ ያሳጠርኩት ስለተናደድኩ ነው።

ልጄ፣ ምን ሆነሻል? በገዛ አፍሽ ጥፋተኛ ነኝ ብለሽ ልትፈርሚላቸው? ሳትሰጪ ፈረምሽ፤ እና? ማን ነው ሰጥቶ የሚፈርመው? እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከመነሳቴ በፊት ፈርሜያለሁ። እስክሪብቶዋ እንዳትጠፋ ከጠረጴዛው እግር ጋር በፋሻ ታስራ ነበር የምትኖረው፤ አንቺም ታስታውሻታለሽ። ከፋሻው ርዝመት አታልፍም። አልጋ ድረስ ጠረጴዛውን እየጎተትኩ ልሂድ? በሠላሳውም ካርድ ላይ እፈርማለሁ፤ ከዚያ ትሪዬን ይዤ እሮጣለሁ። በእኔ ዘመን ኮሚቴ የሚባል ነገር ጠርቶኝ አያውቅም። የጠሩኝ ለሽልማት ነው፤ የምስክር ወረቀቴ ግድግዳዬ ላይ አለ።

ተከራከሪ። ያቺ የተረከበችሽ ነርስ ሰውየውን ክኒንዎን ውጠዋል ወይ ብላ ብትጠይቅ ምላሷ ይቆረጥ ነበር? ሰውየውስ የራሳቸውን ክኒን ረስተው የሚተኙት ምን ሲሆኑ ነው? ለሁሉም የሚበቃ ጥፋት እያለ አንቺ ብቻሽን ምን አሸከመሽ?

መለኪያው ደርሶኛል። ሰፈሩን ሁሉ ለካሁበት። ደብዳቤሽን ያነበብኩ ቀን የራሴንም ለካሁ፤ ቁጥሩን አልነግርሽም። ከእንግዲህ ዕቃ አትላኪልኝ። ወሬሽን ላኪልኝ፤ ያውም ቶሎ።

ለእናትሽ አልነገርኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸኋት፤ ይህንንም በአንቺ ላይ እቆጥረዋለሁ።


ጥር 21 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፤

እንደምን ሰነበቱ? የደም ግፊቱም ይስከንልዎ፣ ንዴቱም ይብረድልዎ። የእኔ ልጅነት ያመጣውን ቁጥር ፈጣሪ ያውርደው።

ዘገየሁ፤ አውቃለሁ። ደብዳቤዎን ብዙ ጊዜ አነበብኩት።

ተረካቢዋን አልከስም። ፊርማዬን አምና ነው የሄደችው፤ ፊርማ እኮ ሊታመን ነው የተቀመጠው። ሰውየውንም አልከስም። ስለዚህ ለስምምነት ተቀመጥን። ከሳሹ ያረቀቀውን ወረቀት ቅጂ አያይዤልዎታለሁ። የጽሑፍ ተግሣጽ ይሰጠኛል፤ መዝገቤ ላይም ይሰፍራል። ስድስት ወር በሌላ ነርስ ክትትል ሥር መድኃኒት እሰጣለሁ። የመድኃኒት አሰጣጥ ትምህርት እንደገና እወስዳለሁ። ሦስቱንም አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ይገቡኛል።

አንድ ቃል ላይ ግን ቆምኩ። አራተኛው መስመር ላይ «ሆን ብላ ሐሰተኛ መዝገብ ሞልታለች» ይላል። ሐሰተኛ መሆኑን አልክድም። ይሆናል ብዬ ፈረምኩ እንጂ ሆን ብዬ አልፈረምኩም። በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል የእኔ ሕይወት አለ። ሆን ብላ ከተባለ አታላይ ነኝ፤ አታላይን ደግሞ የትም አገር ያለ ሆስፒታል ክኒን አያስነካትም።

ከሳሹ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥያቄው ግን ልክ ነው። በዚህ ዋርድ ጠረጴዛ ላይ የሚፈርም ከእኔ ሌላ የለም። ሁሉም ኪሱ ውስጥ ሦስት ሦስት እስክሪብቶ አለው። «አልጋው ጋ ሆኖ መፈረም እየተቻለ ጠረጴዛ ላይ የሚፈርም ሰው፣ ክኒን ሊዘል ያሰበ ካልሆነ ምን ይባላል?» አለ። የሙያ ማኅበራችን ጠበቃ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ለብቻዬ ወስዶ «ይህን አሠራር ከየት አመጣሽው?» አለኝ። ልማድ ነው አልኩት። ከየት የመጣ ልማድ ሲለኝ፣ አላስታውስም አልኩት።

እዚህ ብርዱ በርትቷል። የመጋዘኑን አንሶላ ቆጥሬ ጨርሼ ትራስ ልብስ ጀምሬያለሁ።

ያ ቃል ካልወጣ አልፈርምም ብያለሁ። ካልፈረምኩ ስምምነቱ ይፈርሳል፤ ነገሩ ወደ ሙሉ ክርክር ይሄዳል፤ እዚያ ከተረታሁ ፈቃዴ ይሠረዛል። ኮሚቴው የሚሰማን መጋቢት 14 ቀን ነው።

ይጸልዩልኝ።

ልጅዎ ጥድፊት


ፊርማ፦ ሜትረን

የካቲት 12 ቀን

ለልጄ፤

እንደምን አለሽልኝ? ዛሬ ሰላምታዬ ከልቤ ነው።

«አላስታውስም» የምትለዋን ቃል መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኳት። የሠላሳ በሽተኛ ክኒን ከነሰዓቱ በቃልሽ ትዪልኝ የነበርሽ ልጅ፣ አንድ ልማድ ከየት እንደመጣ አታስታውሺም? ያልነገርሽኝን ሰማሁ፤ ጆሮዬ ለስልክ ነው እንጂ ለዚህ አልደነቆረም።

እኔ ግን ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ። የመጀመሪያ ቀንሽ ነበር። ካርዱን ይዘሽ ወደ አልጋው ልትሄጂ ስትይ ክንድሽን ያዝኩና «ፊርማሽን እዚህ ጣዪና ሩጪ» አልኩሽ። አልጋው ጋ ብፈርም አይሻልም ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ፋሻውን ጎትቼ አሳየሁሽ። ሳቅን። ትክክሉን ይዘሽ መጥተሽ ነበር፤ ያስጣልኩሽ እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ በታኅሣሥ ደብዳቤዬ ሠላሳ አንድ ዓመት እያልኩ ስፎክርብሽ፣ አንብበሽ ይህን አላነሣሽብኝም።

ሌላም አስታወስኩ፤ ይህኛው ይከብደኛል። እኛም ዋርድ ፊርማ ኖሮት ሳይሰጥ የቀረ ክኒን ነበር። መኖሩን በምን አውቃለሁ? ባዶ መሆን የነበረበት ትሪ ላይ ተርፎ አገኝ ነበር። የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፤ ሁሉም ተፈርሟል። ጠዋት የደከመ በሽተኛ ስናይ ሕመሙ ጠናበት እንል ነበር። ያንን የሽልማት ወረቀቴን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ።

የኮሚቴው አድራሻ በላክሽልኝ ቅጂ አናት ላይ አለ። ጽፌላቸዋለሁ። ሁለት ገጽ ነው። ተቆጪም አትቆጪም ፖስታ ቤት ገብቷል፤ ከዚያ ደግሞ ማንም አያወጣውም።

አሁን የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ነው። የውሳኔውን ቅጂ፤ ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን። ሌላው እስክሪብቶ፤ ይህችን የምጽፍልሽ ከጎረቤት ተውሼ ነው።


መጋቢት 24 ቀን

ለውድ እትዬ፤

ደስ ይበልዎት። ሰላምታውን ኋላ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ደስ ይበልዎት።

ክፍሉ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ብርጭቆዎች፣ የአውቶቡስ ፌርማታ የሚያሳይ መስኮት። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሰብሳቢዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ፋርማሲስት ናቸው፤ ከንፈራቸው ፈገግታ የሚባል ነገር የሚያውቅ አይመስልም። ልብስ ሰፊው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከሳሹ ያቺን ቃል አላወጣም አለ። ሰው ያለ ምክንያት ጠረጴዛ ላይ አይፈርምም አለ። ያን ጊዜ ጠበቃዬ ከኮሚቴው ጽሕፈት ቤት የደረሰውን የእርስዎን ደብዳቤ አወጣ። ያስተረጎመውን አነበበላቸው፤ ስለ ፋሻው፣ ስለ መጀመሪያ ቀኔ፣ ስለተረፉት ክኒኖች። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ሰብሳቢዋ ትርጉሙን ትተው የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ አምጣልኝ አሉ። ገለጡት፤ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱ። «ይህ ፊርማ ለምንድን ነው አናት ላይ የሆነው?» አሉ። ጠበቃዬ አያውቅም፤ እኔን አየኝ። ተነሥቼ እንዲህ አልኩ፦ «እትዬ ሳይጽፉ ነው የሚፈርሙት። ቀለሙ መሃል ላይ ካለቀ ብለው ነው።»

ሰብሳቢዋ ሁለተኛውን ገጽ አዞሩ። እትዬ፣ የመጨረሻዎቹ አራት መስመሮች በእርሳስ ነበሩ።

በመጀመሪያ የሰብሳቢዋ ትከሻ ነው በሳቅ የተንቀጠቀጠው። ቀጥሎ ጎናቸው ያለው ሐኪም በሳል አሳበበ። ከሳሹ ወረቀቱን ልየው ብሎ ተቀበለ፤ አናቱን አየ፣ ግርጌውን አየ። ከዚያ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ከስምምነቱ አራተኛ መስመር ላይ «ሆን ብላ» የሚለውን ሰረዘው። ያን የብዕር ድምፅ እስክሞት አልረሳውም።

ልብስ ሰፊው የሚሉት ካለ ተጠየቁ። እጃቸውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አሳዩ፤ ድኗል፤ አውራ ጣታቸው ብቻ ጠዋት ጠዋት ይተሳሰራል። «ይህች ልጅ ማንም ሳይነግረኝ መጥታ ነግራኛለች። እኔ ሱቄ ውስጥ ደንበኛዬ ለብሶት መስታወት ፊት ሳይቆም ካርዱ ላይ ‹ተጠናቋል› ብዬ አልጽፍም። እሷም እንደዚያ ታድርግ። ሌላ የምፈልገው የለም» አሉ።

ይኼን ጊዜ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ይህንንም ከቅጣቱ ጋር ጻፉልኝ አልኩ። ለአንድ ዓመት ያህል ወደ ሆስፒታላችን የሚመጣውን አዲስ ነርስ ሁሉ፣ አልጋ ጋ ቆሞ ሰጥቶ መፈረምን እኔ ላስተምር፤ የራሴንም ጥፋት ልንገራቸው። ሰብሳቢዋ በራሷ ላይ ቅጣት የጨመረች ሰው በዚህ ጠረጴዛ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩና ጻፉት። እሱ አራተኛው ቅጣቴ ሆነ፤ ከሁሉም የምወደው።

ጥፋተኛ ተብያለሁ፤ ነኝም። አታላይ ግን አልተባልኩም። ፈቃዴ በእጄ ነው። ስምምነቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ የተሰረዘችውን ቃል በጣቴ ነካኋት፤ ሌሎቹ ሁሉ ከፈረሙ በኋላ እኔ ከግርጌ ፈረምኩ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩና ፌርማታው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ እየሳቅሁ ነው ያለቀስኩት። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ። ከዚያ እናቴ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ በአንድ ትንፋሽ። ስለዋሸናት እኔም እርስዎም ተሰድበናል።

ሰኞ አንሶላ ቆጠራው ቀረ፤ ጋሪዬን ገፋሁ። የምትከታተለኝ ነርስ አጠገቤ ነበረች። ለአንዲት ሴትዮ ክኒናቸውን ሰጠሁ፣ ሲውጡ አየሁ፣ ፈረምኩ። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ልብስ ሰፊው የሥራ ልብሴን ተቀብለው ደረቱ ላይ የእስክሪብቶ ኪስ ሰፍተውልኛል፤ በዚያው እጃቸው።

ቅጂውን ልኬያለሁ። እስክሪብቶም አርባ። እጅዎን እስማለሁ።

ልጅዎ ጥድፊት


ግንቦት 3 ቀን

ለጀግናዬ ለጥድፊት፤

እንኳን ደስ አለሽ፤ እንኳን ደስ አለን። እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ፤ ልብሽንማ እንዳለ ያቆይልሽ። ደብዳቤሽን ለሰፈሩ ሰው ጮክ ብዬ ስላነበብኩት ድምፄ ሁለት ቀን ተዘግቶ ነበር። የተቀጣ ሰው እንዲህ ሲጨበጨብለት ሰምቼ አላውቅም። ተግሣጽ ምን እንደሆነ ያልገባት አንዲት ጎረቤቴ «ለሌሎቹም ይድረሳቸው» ብላ መረቀች።

ባለፈው ሳምንት አርባውን እስክሪብቶና የውሳኔውን ቅጂ ይዤ ወደ ድሮ ዋርዴ ሄድኩ። ደረጃው አለ፤ ጉልበቴ ተቆጣ፤ አልሰማሁትም። የዛሬዋ ዋና ነርስ አንቺን ተከትላ ከእጄ የተማረች ናት። ጠረጴዛው ያው ነው፤ እግሩ ላይ እስክሪብቶው ያው በፋሻ ታስሯል፤ ፋሻው ብቻ አዲስ ነው። ካርዶቹን አየሁ፤ ገና ቁርስ አልደረሰም፣ ሁሉም ተፈርሟል። እኔ ያስተማርኩት ነው። ነርሶቹን ሰበሰብኳቸውና ቅጂሽን አነበብኩላቸው። ስምሽን በፕላስተር ሸፍኜው ነበር፤ ይሁን እንጂ ማን እንደሆነች ሲጠይቁኝ አላስቻለኝም። ያስተማርኳት ናት ልል አፌን ከፍቼ መለስኩት። ያስተማረችኝ ናት አልኳቸው።

ከዚያ መቀስ አምጡልኝ አልኩና ፋሻውን ቆረጥኩት። ለእያንዳንዳቸው እስክሪብቶ ሰጠሁ። በማግስቱ ሳልጠራ ተመልሼ ሄድኩ። አንዷ ካርዱን ይዛ አልጋው ራስጌ ቆማለች። በሽተኛው ውሃውን እስኪጎነጭ ጠበቀች፤ ጎነጨ፤ ፈረመች። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳያት አንቺን በመጀመሪያ ቀንሽ ያየሁ መሰለኝ፤ የዚያን ዕለት ክንድሽን ባልይዝሽ ኖሮ።

የቆረጥኳትን ፋሻ አያይዤልሻለሁ። ለአዲሶቹ ነርሶች ስታስተምሪ አሳዪያቸው። ከአንቺ ደግሞ ምንም አልፈልግም፤ አንድ እስክሪብቶ ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ደብዳቤውን ጨርሻለሁ። ደግሜም አንብቤዋለሁ፤ ያልሆነ ነገር ሆነ ያልኩበት ቦታ የለም። አናቱን ባዶ አይተሽ ከማን እንደመጣ ግራ ከገባሽ፣ ይኸው እስከ ግርጌው ደረስሽ።

ፊርማ፦ ሜትረን